የሚጎተተው ካሴት

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከቀትር ጀምሮ የያዘው ዝናብ አላባራም፤ የሴቻ ዳገት በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ባለቤቴ ጌታነህ እና ዝናቡን የተጠለለችው ጎረቤታችን ዙሁራ ነን። ጌታነህ ክሪኩን ፍለጋ አልጋ ሥር ገብቷል፤ ነገ ከላንቴ ሙዝ የሚጭንበት ፒካፕ ጎማው ተንፍሷል። ዙሁራ ደግሞ "ለጽጌረዳ ሰላምታዬን ጻፊልኝ፤ ጣሊያን አገር ሙዝ በክብደት ነው በቁጥር የሚሸጠው ብለሽም ጠይቂልኝ" ብላኛለች።

ለተወደድሽው የአክስቴ ልጅ ለጽጌረዳ፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የምትጠብቂያት አሮጊትስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዳየሽን ነን። በሰው አገር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ።

የላክሽው ጫማ ደርሶኛል። ተረከዙ በአንድ በኩል ትንሽ ተበልቷል እንጂ ቆዳው ገና ነው። ለእግሬ ስለጠበበኝ ለዙሁራ ሰጠኋት፤ እያመሰገነችሽ ነው።

ለባለቤትሽ ለብዙነህ መታሰቢያ ሲዲ እንደምታሠሪ ጽፈሽልኛል። ነፍሱን በገነት ያኑርልን፤ የሚገባው ነው። ፎቶግራፍ ካለሽ ላኪ ስላልሽ አንድ ልኬልሻለሁ። ሴቻ ሆቴሉ በር ላይ ከባንዱ ጋር ቆመው የተነሱት ነው። ከዳር የቆመው እሱ ነው፤ ኮቱ የሰው ስለሆነ እጅጌው ጣቱ ድረስ ወርዶበታል። ፈረንጆች ሆቴሉ ውስጥ ጥለውት የሄዱትን ሸክላ ሌት ተቀን እየሰማ ነው እንደዚያ መዝፈን የለመደው። "ሶል የሚሉት የፈረንጅ ዘፈን ነው" ሲለን፣ እኛ ደግሞ "ለቅሶ ነው እንጂ!" እያልን እንስቅበት ነበር፤ ትዝ ይልሽ እንደሆነ።

"ከዳር ጠብቂኝ" የሚለውን ዘፈኑን ከሁሉ ፊት እንደምታስገቢው ጽፈሻል። መልካም ነው። ግን የትኛውን? አዲስ አበባ የተቀረጸውን ከሆነ እሱ ችኩል ነው። እኔ ዘንድ ሌላ አለ።

እህትሽ ሻሺቱ


ቦሎኛ
ሰኔ 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሻሺቱ፤ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። ለጌታነህም፣ ለዙሁራና ለባሏ ለከድርም እንዲሁ። እኔ ደህና ነኝ። አሮጊቷ ሲኞራ ሦስት ጊዜ ልትሞት ተነሥታ ሦስቴም ሐሳቧን ቀይራለች። ለዙሁራ ሙዝ በክብደት ነው የሚሸጠው በያት፤ ጣዕም ግን የለውም።

ሻሺ፣ "እኔ ዘንድ ሌላ አለ" ተብሎ ደብዳቤ ይዘጋል? ስልክ ላይ ብንሆን ኖሮ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ እል ነበር።

ሌላ የለም። እኔ የማላውቀው ሊኖር አይችልም። ብዙነህ ያንን ዘፈን የተቀረጸው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው በ1978 አዲስ አበባ፤ ሳክስፎን ያለበት፣ አገር ሁሉ የጨፈረበት። ሁለተኛው እዚህ ቤታችን፣ ከመሞቱ በፊት በነበረው በጋ፣ በጊታር ብቻ። እሱን ለማንም አላሰማሁም። ታሞ ነው የዘፈነው፤ ትንፋሽ አጥሮት ይጎተታል። ሰው ብዙነህን እንደዚያ አድርጎ እንዲያስታውሰው አልፈልግም።

ታዲያ ያንቺው ምንድን ነው? ማን ቀረጸው? የት? ለምንስ እኔ ሳላውቀው ቀረ? ሲዲውን የሚሠራልኝ ሳምሶን የሚባል ያገራችን ልጅ ነው፤ ድምፅ መቅረጽ ሥራው ነው። ነገሩን ብነግረው "ከተገኘማ ትልቅ ነገር ነው" አለ። እኔ ግን ትልቅነቱ አልታየኝም። ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት።

ላኪልኝ። ቴፕ ያስፈልግሽ እንደሆነ እኔ እልክልሻለሁ። አዲስ፣ ከነካርቶኑ።

ያንቺው ጽጌረዳ


ሲቀላ
መስከረም 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጽጌረዳ፤ እንኳን ወደ አዲሱ ሺህ ዓመት በጤና አሸጋገረሽ። ዓመቱ የምሕረት፣ የጤና ይሁንልሽ። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። ለበዓሉ ከተማው መብራት በመብራት ሆኖ ነበር፤ መደቤ ላይ ሙዙም ማንጎውም አልቆምልኝ ብሎ ሰነበተ። ቴፕ አለኝ፤ አትቸገሪ።

ስለ ካሴቱ ጠይቀሽኛል፤ እነግርሻለሁ። የአዲስ አበባውን ከከድር ሙዚቃ ቤት ተውሼ አመጣሁና ሁለቱን እያፈራረቅሁ ሰማኋቸው። የአዲስ አበባው ላይ "ከዳር ጠብቂኝ" ሲል አውቶቡስ እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነው። ጠብቂኝ ይላል እንጂ ትጠብቀኝ ይሆን ብሎ አይጨነቅም። የኔው ላይ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዝቅ ያለ ነው። ቃሉን አንድ በአንድ እያኖረ ይሄዳል። ሳክስፎኑም እሱን እየጠበቀ ከኋላ ይመጣል። ሁለተኛው ቤት ላይ

ከዳር ጠብቂኝ ውሃው ሲረጋ፣
እመጣለሁ ቀን ሳይነጋ

የሚለው ጋ ሲደርስ፣ "ውሃው ሲረጋ" ላይ ድምፁ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል። በጨለማ የሚሄድ ሰው እግሩ ጉድጓድ ሲገባበት እንደሚሆነው ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ይወጣል። የአዲስ አበባው ላይ ይሄ የለም፤ ሜዳ ነው። ሰው ድምፁ እንደዚያ የሚከዳው አንድ ፊት ትዝ ሲለው ይመስለኛል።

የሰጠኝ ራሱ ነው። የ1979 መስቀል ዕለት፣ ከበራችን ላይ ቆሞ፣ በእጄ። "ይሄ ያንቺ ነው" አለኝ። ወደ ቤታችን ሲመጣ ውሃ አቀብዪው የምባለው እኔ ነበርኩ፤ እናቴም እናትሽም ለማን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። አንቺ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ወንድምሽ ዘንድ ልትሄጂ ልብስ ታሰፊ ነበር። ከዳር ጠብቂኝ አለ፤ ጠበቅሁ። የዚያኑ ዓመት ጥር የሠርጋችሁ ወሬ መጣ።

ካሴቱን አልልከውም። መንገድ ላይ ይጠፋል።

ሻሺቱ


ቦሎኛ
ኅዳር 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ሻሺቱ፤ ሰላምታ ይድረስሽ።

ሃያ ዓመት ከዚያ ሰው ጋር ኖሬ፣ ሸሚዙን ተኩሼ፣ መድኃኒቱን አውጬ፣ በሰው አገር አፈር አልብሼው፣ ዛሬ ዘፈኑን ካንቺ ልለምን? በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የቆጠርሽ ልጅ እንዲህ መዋጋቱን ከየት ተማርሽው? "ልብስ ታሰፊ ነበር" ነው ያልሽኝ? አዎን፣ አሰፋ ነበር። ልብስ ማሰፋት ወንጀል ነው?

"ይሄ ያንቺ ነው" ብሎሻል። ለኔ ምን ብሎኝ እንደነበር ልንገርሽ? አልነግርሽም።

ግልባጩን ላኪ። ዋናውን ትራስሽ ሥር አድርጊው፣ ጌታነህ ከፈቀደ። ሲዲው ላይ መግባት ካለበት አስገባዋለሁ፤ ለሱ ስም ስል እንጂ ላንቺ ስል አይደለም። ሳምሶን ለፋሲካ አደርሳለሁ ብሏል።

ጽጌረዳ


ሲቀላ
ጥር 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ጽጌረዳ።

ጤና ይስጥልኝ። በጠየቁት መሠረት ግልባጩን ወደ ሮም በሚጓዝ ሰው እጅ ልኬልዎታለሁ። ስለ ትራሱ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት። "ያ ሰውዬ ሞቶም አያርፍም እንዴ?" ብሎ እራቱን ቀጠለ። ለከተራና ለጥምቀት በሰላም ያድርስዎ።

ሻሺቱ


ቦሎኛ
መጋቢት 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሻሺቱ፤ ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ።

"ክብርት ወይዘሮ" የሚለውን ሳነብ ሳቅሁ። "በሰላም ያድርስዎ" ላይ ስደርስ አለቀስኩ። አንድ አልጋ ላይ በአንድ ጋቢ ያደግን ልጆች!

ግልባጩ ደረሰኝ። ሲኞራዋ እስክትተኛ ጠብቄ ሰማሁት። አመንኩሽ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ፣ ለኔ እንዲህ ዘፍኖልኝ አያውቅም አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፉን ፊቱን ወደ ግንቡ አዞርኩት። ሦስት ቀን እንደዚያ ሆኖ ከረመ፤ ባለፍኩ ቁጥርም "እዚያው ሁን!" እለው ነበር።

በአራተኛው ቀን ለሳምሶን ወሰድኩለት። ጥቂት አዳመጠና ግንባሩን ቋጠረ። "እትዬ ጽጌ፣ ይሄ እኮ ያው ነው" አለኝ። "ምኑ ነው ያው?" አልኩት። ማሽኑ ላይ ፍጥነት የሚያበዛና የሚቀንስ ነገር አለ፤ እሱን ቀስ እያለ አዞረው። ብዙነህ ዓይኔ እያየ ወጣት ሆነ። ድምፁ ቀጠነ፣ ሳክስፎኑ ነቃ። ከዚያ የአዲስ አበባውን አመጣና ሁለቱን ባንድ ላይ ለቀቃቸው። እግር ለእግር ሄዱ። ሳክስፎን ነፊው ትንፋሽ የሚስብበት ሁሉ አንድ ነው። መሐል ላይ አንድ ሰው ያስላል፤ በሁለቱም ላይ እዚያው ቦታ ያስላል። "ሲገለበጥ ማጫወቻው ቀርፋፋ ነበር፤ እዚህ ጋማ ጭራሽ ሸርተት ብሎበታል" አለኝ። ጉድጓድሽ እሱ ነው።

ላንቺ የዘፈነው የለም፣ ሻሺ። የዘፈነልሽ ያረጀ ማሽን ነው። ሰምቼ ደስ አለኝ። ደስታዬ አሳፈረኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን አላሳፈረኝም። ፎቶግራፉን አዞርኩና ሳምኩት።

ሲዲው ለፋሲካ አይደርስም፤ ለሰኔ ተላልፏል። የሚገባው የአዲስ አበባው ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ግን የመጨረሻውን፣ እዚህ ቤት የዘፈነውን ልኬልሻለሁ። ካንቺ በቀር የሰማው የለም። ከዘፈን አይቆጠርም፤ በሽታ ነው። የላክሁልሽ "ያንቺ ነው" የሚባል ነገር ምን እንደሚመስል እንድትሰሚ ነው።

ጽጌረዳ


ሲቀላ
ሚያዝያ 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽጌረዳ፤ እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። የሞተውን ብዙነህን ከደጋጎቹ ይደምርልን፤ ያለነውንም ልብ ይስጠን። "እርስዎ" ማለቱ አልሆነልኝም፣ ትቼዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ገበያ ላይ ነው። አንብቤ ሙዙን ለጎኔ ሻጭ አደራ ሰጠሁና ወደ ከድር ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። ሳምሶን ያለውን ነገርኩት። ይክዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጭኑን መታ።

"የመስቀሉ ካሴት! እንዴት አላስታውሰው? ብዙነህ አንድ ዋና ካሴት ካዲስ አበባ ይዞ መጣና ግልባጭ አውጣልኝ አለኝ። የኔ ማጫወቻ ደግሞ ላስቲኩ በዚህ ሙቀት ላልቷል። አዲስ ለማምጣት ሻሸመኔ መሄድ ነው። ለአንድ ላስቲክ ማን ይሄዳል?"

"ታዲያ አልነገርከውም?" አልኩት።

"ምን እነግረዋለሁ? እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማው እንጂ! 'ማነው የሚዘፍነው?' አለኝ። 'አንተ ነሃ!' አልኩት። 'እኔ እንዲህ አልችልም' አለ። ያቺ የምትንሸራተተው ቦታ ላይ ሲደርስ 'መልሳት፣ መልሳት' እያለ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ከዚሁ አራት አውጣልኝ አለ።"

"አራት?"

"አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ለሆቴሉ ዘበኛ፣ አንዱን ለደበሌ ሻይ ቤት።" ከድር ቀና ብሎ አየኝና የጠረጴዛውን አቧራ መጥረግ ጀመረ። "አራተኛውን ዘነጋሁት" አለ። ጨዋ ሰው ነው።

"ይሄ ያንቺ ነው" ያለኝ እንግዲህ ዘበኛውንም ብሎት ይሆናል።

ከድር ይብሱን ሊያጽናናኝ ፈለገ መሰለኝ። "ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ የገለበጥኩለት ከዚያው ነው። ሲቀላ ሠርግ ላይ ሰው ሲዘፍነው አልሰማሽም? 'ውሃው ሲረጋ' ላይ ሲደርሱ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ጉድጓድ ይገባሉ" አለኝ። ሰምቻለሁ፤ ያዩኝና የሚያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ያንቺን ካሴት አልነካሁትም። ዛሬ ጌታነህ ላንቴ ሲሄድ በሩን ዘግቼ ሰማሁት።

ጽጌ፣ ብዙነህ አልታመመም። ታሞ ይሆናል፤ ዘፈኑን ግን በሽታው አልጎተተውም። "ሳይነጋ" የሚለውን እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው ስሚው፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንደዚያ አይዝም። ረጋ ብሎ የሚዘፍነው ሲቀላ በሚዘፈንበት አረማመድ ነው። "ውሃው ሲረጋ" ጋ ሲደርስም ይወርዳል። እዚያ ላስቲክ የለም፣ ጊታርና ጉሮሮ ብቻ ነው፤ ያችኑ ታህል ወርዶ ያችኑ ታህል ቆይቶ ይወጣል። ማሽኑ ያበላሸበትን ይዞት ሄዶ፣ ያን ሁሉ ዘመን አስቀምጦት፣ በመጨረሻ በገዛ ድምፁ ሠራው። "እኔ እንዲህ አልችልም" ያለውን ቻለው።

ልደብቅሽ አስቤ ነበር። አንቺ በሽታ ነው ብለሽ ትቅበሪው፣ እኔ ብቻዬን የማውቀው ይኑረኝ አልኩ። ግማሽ ቀን ያህል የኔ ሆኖ ዋለ። ደስም ብሎኝ ነበር።

ከዚያ መልሼ ስሰማው ማቆሚያውን ሳልጫን ቀረሁ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ቴፑን አላጠፋችሁትም ነበር። "ጽጌ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ" ይላል። የነጠላ ጫማሽ ድምፅ ይሰማል። መስኮቱ ይዘጋል። "ኧረ ሙሉውን አይደለም!" ይላል። "አንተ ደግሞ! ዝጊ ትላለህ፣ ክፈቺ ትላለህ" ትይዋለሽ። ይስቃል። ከዚያ ጊታሩን የሆነ ነገር ላይ ሲያስደግፈው ይሰማል፤ በቃ። ያንን መስኮት ደጋግሜ ሰማሁት። በዘፈን እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ሚስት ምን እንደሆነች እንድትሰሚ ብለሽ ልከሽው የለ? ሰማሁ።

ስለዚህ የአዲስ አበባውን ተዪና የመጨረሻውን አስገቢው። ሳምሶን አያፍጥነው፣ ጉድጓዱንም አይሙላው፤ እንዳለ ይሂድ። መስኮቱን ግን ቁረጡት። ያንን ማንም መስማት የለበትም። እኔም ባልሰማሁት።

ደብዳቤውን ሳላሽገው መሸ።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ያደረግሁትን ልጨምርልሽ። ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ፤ ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ደጁን ጠረግሁ። ለጌታነህ ሻይና ዳቦ ሰጠሁት። ሊወጣ ሲል "እኔም ላንቴ እሄዳለሁ" አልኩት። "ምን ልትሠሪ?" አለ። "ሙዙን ራሴ ልመርጥ" አልኩና ጋቢና ገባሁ። ከሲቀላ እንደወጣን የኔን ካሴት፣ የመስቀሉን፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ የመኪናው ቴፕ ውስጥ ከተትኩት።

"ይሄን ሰውዬ ደግሞ አሳፈርሽው?" አለ።

"ዝም ብለህ ንዳ" አልኩት።

ነዳ። ሁለተኛው ቤት ሲጀምር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። "ውሃው ሲረጋ" ጋ ስንደርስ ድምፁን አውጥቶ አብሮ ዘፈነ፤ ወርዶ፣ ቆይቶ፣ ወጣ። ጽጌ፣ እኔ ይሄ ሰው መዝፈን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ካገባሁት ጀምሮ አንድም ቀን አልዘፈነልኝም። የተገራ ድምፅ ነው፤ ድሮ ለሰው የተዘፈነበት ድምፅ ነው።

ቴፑን አጠፋሁት። "ይሄን ለማን ነበር የምትዘፍነው?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ይሄን ዘፈን። ልጅ ሆነህ። ለማን?"

ሳቀና ማርሽ ቀየረ። ላንቴ ደርሰን ሙዙን ስንጭን ጠየቅሁት። ስንመለስ ድልድዩ ላይ ጠየቅሁት። ፖስታ ቤቱ በር ላይ መኪናውን አቁሞልኝ፣ እኔ ይህችን መስመር ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ ሳለም ጠየቅሁት። መሪውን በጣቱ እየመታ ያፏጫል እንጂ እስካሁን አልነገረኝም።